ይድረስ ለክቡር አቶ ፍንዳታ፦ እባክዎ ከትራምፔቱ ላይ ይውረዱልን

ይድረስ ለክቡር አቶ ፍንዳታ፣ ባሉበት። (ያሉበትን እኔም አውቃለሁ፣ የታችኛው ፎቅ ጎረቤቴም ያውቃል።)

ለጤናዎ እንደምን አሉ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። በደብዳቤ ወግ «ከናፍቆትዎ በስተቀር» ማለት ነበረብኝ። ግን ሰው የሚናፈቀው ዘወር ሲል ነው። እርስዎ ደግሞ ዘወር ብለው አያውቁም።

ራሴን ላስተዋውቅ። የፊልም ማጀቢያ ሙዚቃ ከሚወዱ ጥቂት ሰዎች አንዱ ነኝ። ሌላው ሰው ከሲኒማ ሲወጣ «መጨረሻው አናደደኝ» ይላል። እኛ «ድልድዩ ሲሰበር ሆርኖቹን ሰማሃቸው?» እንባባላለን። አጠገባችን ያለ ሰው በሐዘኔታ ያየናል። የፍቅር ትዕይንት ሙዚቃ ላይ ብዙም አንጣላም። የሚያጣላን የአክሽኑ ነው። ማሳደድ፣ ውጊያ፣ ማምለጥ። አንዱ «ከዚህች ሰከንድ የሚበልጥ የለም» ይላል። ሌላው «አንተ ገና አልሰማህም» ይለዋል። ከዚያ ቡናው ይቀዘቅዛል።

አንድ ምሳሌ ልስጥዎ። በ1981 የወጣውን «ሬይደርስ ኦፍ ዘ ሎስት አርክ» ያስታውሱታል። (ዓመቱ በፈረንጆቹ ነው፣ ከዚህ በታች ያሉትም እንደዚሁ።) ሊረሱትም አይገባም፣ ብዙ ሥራ አግኝተውበታል። ታቦቱን የጫነ መኪና በረሃውን ሰንጥቆ ይሄዳል። ኢንዲያና ጆንስ በፈረስ ይከተለዋል። (ታቦቱን የሚያገኙት ግብፅ፣ ታኒስ ላይ ቆፍረው ነው። አክሱም ድረስ ብቅ ብሎ የጠየቀ የለም። እሱን ለሌላ ደብዳቤ ላቆየው።) ለዚህ ሩጫ ጆን ዊሊያምስ 8 ደቂቃ ገደማ የሚሄድ ሙዚቃ ጻፈ። የለንደን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ አቤይ ሮድ ስቱዲዮ ገብቶ ተጫወተው።

አንዷ ጓደኛችን የፈረሱን ክፍል ትመርጣለች። ሙዚቃው ከፈረሱ ጋር ይጋልባል ባይ ናት። ሌላው ጆንስ ከሚሄደው መኪና ሥር የሚገባበትን ይላል። እዚያ ላይ ዝቅተኞቹ ነሐሶች፣ ትሮምቦንና ቱባው፣ እንደ ከባድ ጎማ እየረገጡ ይመጣሉ። እኔ ደግሞ ሰውዬው ተጎትቶ፣ አቧራ ቅሞ፣ ተመልሶ መሪውን ሲጨብጥ ዋናው ዜማ በሙሉ ትጥቁ የሚገባበትን ነው የምለው። እስከዚያ ድረስ ዊሊያምስ ዜማውን ብቅ ጥልቅ እያደረገ ያስርበናል። ሊሰጠን ይልና ይነሳናል። እንደገና ሊሰጠን ይልና ሌላ ወታደር መኪናው ላይ ይንጠለጠላል። ሲሰጠን ግን በእጁ አይደለም፣ በጭነት ነው!

እንግዲህ ክርክሩን ለመፍታት ፊልሙን እንከፍታለን። ቦታው ሲደርስ አንዳችን እጁን ያነሳል። «ዝም በሉ! አሁን! አሁን መጣ!»

ማን መጣ? እርስዎ።

ብቻዎን ደግሞ አይመጡም። ወንድምዎን ሞተርን፣ እህትዎን ጥይትን፣ የአክስትዎን ልጅ የተሰበረ መስታወትን፣ አንድም ሳያስቀሩ ነው። ትራምፔቶቹ ያን ሁሉ ትንፋሽ አጠራቅመው አፋቸውን ሲከፍቱ እርስዎ «ጓ!» ይላሉ። እኛ የምናየው የሰውዬውን ፊት ነው። የምንሰማው እርስዎን ነው። ሰርግ ላይ የሙሽራው አባት ሊናገሩ ሲቆሙ ማይኩን የሚቀማ አጎት ይመስሉኛል።

ይቅርታ፣ ተጋነነ እንዳይሉኝ። እዚህ ፊልም ላይ እንኳ ከሌላው ጊዜ ጨዋ ነበሩ። ሙዚቃው ይሰማል። የዛሬዎቹ ፊልሞች ላይ ግን ተከራይተው ሳይሆን ገዝተው ነው የገቡት። ኦርኬስትራው ከግድግዳ ጀርባ ያለ ሬዲዮ ሆኗል።

ነገሩ የሚወሰንበትን ክፍል ከእኔ የበለጠ ያውቁታል። ፊልሙ ተቀርጾ፣ ተቆርጦ፣ ሙዚቃው ተጫውቶ ካለቀ በኋላ ሦስት ነገሮች አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀርባሉ፦ ንግግር፣ ሙዚቃ፣ እርስዎ። ንግግሩ ይቅደም ይባላል፤ እሺ፣ ሰው ምን እንደሚባል መስማት አለበት። የቀረውን ቦታ እርስዎና ሙዚቃው ትካፈላላችሁ። አቀናባሪው ያን ጊዜ ብዙውን ጊዜ ሥራውን ጨርሶ ሄዷል። ትራምፔተሩም ቤቱ ገብቷል። የእርስዎ ወገን ግን እዚያው ተቀምጦ ቡና ይጠጣል። አንዱ ዳይሬክተር «መኪናው ትንሽ ከበድ ቢል» ይላል። አንድ ጣት የድምፅ መቆጣጠሪያውን ወደ ላይ ትገፋለች። የብዙ ሙዚቀኛ የሳምንት ድካም ወደ ታች ይወርዳል። ወፍራም ድምፅ ቀጭኑን እንደሚውጥ ለእርስዎ መንገር አያስፈልግም፣ የሚኖሩት በዚያ ነው።

ጎበዝ አቀናባሪዎች ይህን ስለሚያውቁ ከእርስዎ ሸሽተው ይጽፋሉ። ሞተሩ ከታች ካጓራ ትራምፔቱን ወደ ላይ ይሰቅሉታል፣ ትንሿን ዋሽንት ከእሱም በላይ ያስቀምጧታል። በ1980 «ዘ ኢምፓየር ስትራይክስ ባክ» ላይ የጠፈር መንኮራኩሯ በሚበርሩ ድንጋዮች መሃል ስትሾልክ ያለውን ሙዚቃ ያዳምጡ። (ያዳምጡ ማለቴ ዝም ብለው ነው።) እርስዎ ከታች ሲንጎዳጎዱ እነሱ ከላይ ሆነው ይጨፍራሉ። የራሳቸው ቤት ውስጥ ጣሪያ ላይ ወጥተው!

ስለ ቤተሰብዎ ታሪክ ትንሽ አጥንቻለሁ። አይቀየሙኝ። በ1977ቱ «ስታር ዋርስ» ላይ የታይ ፋይተሮቹ (የጠላት የጦር መንኮራኩሮች) ጩኸት ከዝሆን ድምፅና እርጥብ አስፋልት ላይ ከሚሄድ መኪና ነው የተቀመመው። የጨረር ጠመንጃዎቹ ደግሞ የሬዲዮ ማማ የወጠረ ሽቦ በመዶሻ ሲመታ የወጣ ድምፅ ናቸው። ሁለቱም የድምፅ ባለሙያው የቤን በርት ሥራ ነው። «ሬይደርስ» ላይ ጆንስን የሚያባርረው ትልቅ ድንጋይ ሆንዳ ሲቪክ ነው። መኪናዋ ሞተሯ ሳይጎትታት ቁልቁል ጠጠር ላይ ስትንከባለል ተቀርጻ። ባለሙያውን አደንቃለሁ፣ ከልቤ ነው። ዝሆኑንም አልጠላውም። ግን የፊልሙ ጀግኖች ሃንና ሉክ መድፍ ይዘው ከታይ ፋይተሮቹ ጋር ሲታኮሱ ከኋላ የሚነፋው ማን እንደሆነ ያውቃሉ? የለንደን ሲምፎኒ ነሐሶች ናቸው። ዋናው ትራምፔተር ሞሪስ መርፊ በዚያ ወንበር የጀመረው በዚሁ ፊልም ቀረጻ ነው። ሰው እንዲህ ባለ ሥራ ሀ ብሎ ይጀምራል፣ እርስዎ ዝሆን ይለቁበታል።

እሺ፣ ወደ ሽልማቱ እንምጣ። እዚህ ላይ ቂም አለብኝ። «ስታር ዋርስ» ኦስካር ሲሸለም ነገሩ ሚዛናዊ ነበር። ሙዚቃው ወሰደ። ድምፁም ወሰደ። ቤን በርትም ልዩ ሽልማት ተሰጠው። ሁሉም እያጨበጨበ ወደ ቤቱ ሄደ። «ሬይደርስ» ላይ ግን እርስዎ በድምፅ ተሸለሙ፣ በድምፅ ውጤት ቅንብር ደግሞ ልዩ ሽልማት ደረቡ። ትራምፔቱስ? ባዶ እጁን ገባ። የዚያ ዓመት የሙዚቃ ሽልማት ለቫንጌሊስ «ቻሪየትስ ኦፍ ፋየር» ሆነ። ሰውዬው በሲንተሳይዘር ነው የሠራው። አንድ ሙሉ ኦርኬስትራ በረሃ ለበረሃ ሮጦ፣ ሁለት ዋንጫ ለእርስዎ፣ አንድ ለኪቦርድ። ለቫንጌሊስ ክብር አለኝ። ለእርስዎ ግን ሁለት መሆኑ ያንገበግበኛል።

ጠላት ብቻ ነኝ ብለው እንዳያስቡ። ብቻዎን ሲሠሩ ባርኔጣዬን አነሳለሁ። በ1959 «ቤን ኸር» ላይ የሠረገላው ውድድር 9 ደቂቃ ገደማ ነው፣ ሙዚቃ የለበትም። ሚክሎሽ ሮዣ ሠረገላዎቹ በሰልፍ ሲገቡ የሚነፋ ሙዚቃ ጻፈ፣ ውድድሩ ሲጀመር ቦታውን ለፈረስ ኮቴና ለመንኮራኩር ለቀቀ። ሮዣ ኦስካሩንም ወሰደ። በ1968 «ቡሊት» ላይም ላሎ ሺፍሪን መኪኖቹ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ቀስ ብለው ሲከታተሉ ሙዚቃ አስቀመጠ፤ እውነተኛው ማሳደድ ሲጀመር ግን ሙዚቃው ቆመ። ከዚያ በኋላ ሞተርና ጎማ ብቻ። በጣም ያምራል። ልብ ይበሉ ታዲያ፣ ሁለቱም ጊዜ ቦታ የለቀቀው ሙዚቃው ነው። አቀናባሪ ዝም ማለት ያውቃል። እርስዎስ?

አንድ ጊዜ አውቀዋል፣ አልክድም። በ2002 «አታክ ኦፍ ዘ ክሎንስ» ላይ በሚበርሩት ድንጋዮች መሃል ያ ሰማያዊ ቦምብ ሲጣል፣ ከመጮህዎ በፊት ሁሉም ነገር ለቅጽበት ጸጥ ይላል። ከዚያ ነው የሚመጡት። ሰው ሁሉ ያቺን ጸጥታ እስከ ዛሬ ያስታውሳታል። ማለቴ፣ በሕይወትዎ ካገኙት ዝና ትልቁ የመጣው ዝም ካሉበት ቦታ ነው! ይህን ያህል ማስረጃ እያለ ምን ሆነው ነው?

ደግሞ «ፊልም ለሙዚቃ ቦታ ይልቀቅ ይባላል እንዴ?» ብለው ይስቁ ይሆናል። ተለቆ ያውቃል። በ1982 «ኢ.ቲ.» ላይ ልጆቹ በብስክሌት የሚያመልጡበት መጨረሻ ለዊሊያምስ አስቸግሮት ነበር። ምስሉን እየተከተለ፣ እያንዳንዷን እጥፋት እየጠበቀ ሲመራ ሙዚቃው ትንፋሽ ያጥረው ነበር። ዳይሬክተሩ ስቲቨን ስፒልበርግ ምስሉን አጠፋው። እንደ ኮንሰርት አድርገህ ምራው፣ ፊልሙን እኔ አስተካክለዋለሁ አለው። ከዚያም ምስሉን እንደ ሙዚቃው ቆረጠው። ያን የመጨረሻ ሩብ ሰዓት አይተው ካላለቀሱ (እርስዎ እንባ እንደሌለዎት አውቃለሁ) አጠገብዎ ያለውን ሰው ይዩት።

አሁን ወደ ግል ጉዳያችን። ማታ ቤት ውስጥ የሚሠሩት ሥራ ከሲኒማው ይብሳል። ተዋናዩ በሹክሹክታ ያወራል። አይሰማኝም። ሪሞት አንስቼ ድምፅ እጨምራለሁ። ገና ግማሽ ዓረፍተ ነገር ሳልሰማ እርስዎ በሩን በርግደው ይገባሉ። ልጅ ይነቃል። ታች ያሉት ጎረቤት በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያቸውን ይመታሉ። እኔ ዘልዬ ድምፁን እቀንሳለሁ። ያኔ ለእርስዎ የተዘጋጀው ቅጣት ቫዮሊኖቹ ላይ ይወድቃል። እርስዎ ያጠፋሉ፣ እነሱ ይታሰራሉ።

ደጋፊዎችዎ «ከፈለጋችሁ አልበሙን ለብቻው ስሙ» ይሉናል። እንሰማለን እንጂ! በኤርፎን፣ ታክሲ ውስጥ፣ ወያላው «ወራጅ አለ?» ሲል ከሁለተኛው ትሮምቦን ጋር እየተሻማ። ግን እኛ የምንፈልገው የሰውዬው እጅ መሪውን ሲጨብጥና ዜማው ሲገባ አንድ ላይ ማየት ነው። አቀናባሪው የጻፈው ለዚያች እጅ ነው። ኦርኬስትራ ስክሪን ሥር ተቀምጦ ሙዚቃውን በቀጥታ የሚጫወትባቸው የፊልም ኮንሰርቶችም አሉ። ሙዚቃው ከፊልሙ ላይ ይነሳል፣ ንግግሩ ይቀራል፣ ሌላ ማን ይቀራል? እርስዎ! ትኬት ሳይቆርጡ፣ ከሁላችንም በተሻለ ወንበር። ጥሩነቱ እዚያ ነሐሶቹ በአካል ናቸው፣ ዝቅ የምታደርጋቸው ጣት የለችም።

ስለዚህ አቤቱታዬን በአጭሩ አቀርባለሁ። ይጥፉ አልልም። ከፈረሱ እስከ ድንጋዩ ያለው ሁሉ የእርስዎ ይሁን። ሞተርም ያስነሱ፣ መስታወትም ይሰባብሩ፣ ዝሆኑንም ያምጡት። ዜማው ሙሉ ሆኖ ለሚገባባት ለዚያች ቦታ ብቻ ደረጃው ላይ ቆመው ይጠብቁ። ትራምፔቱ ሐረጉን ይጨርስ። ከዚያ መኪናውን ገደል ቢከቱት አጨበጭብልዎታለሁ። ጓደኞቼ ይህን እንኳ አይፈርሙም፤ ባለ ፈረሷ የፈረሱም ይለቀቅ ትላለች፣ ባለ ቱባው የመኪናው ሥር ይለቀቅ ይላል። ከእነሱ ጋር እኔ እጨርሳለሁ። ከእርስዎ ጋር ከመጨረስ ይቀላል።

መልስዎን በጽሑፍ ይላኩልኝ። በቃል ከሆነ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ ይሁን፣ ልጅ ያኔ ትምህርት ቤት ነው።

አክባሪዎ፣
የሁለተኛው ትሮምቦን ወዳጅ

ማሳሰቢያ፦ ግልባጭ ለወንድምዎ ለሞተር። እሱ እንኳ ቤንዚን ሲያልቅበት ዝም ይላል።