አልማዝ ባለጭራን ሸረሪት አያመጣውም

እህቴ፣ እናትሽን ስለምታስታምሚ እግዜር ይስጥሽ። ግን «ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር፣ ግቢ ውስጥ ተኝተው ሸረሪት ሸናባቸው፤ አልማዝ ባለጭራ ደግሞ መርፌ አይወድም» ያልሽው ልክ አይደለም። በድሬ ሙቀት ደጅ የሚተኛው ብዙ ነው፤ ሸረሪቷ ግን የለችበትም።

መንስኤው ጉድፍ የሚያመጣው ቫይረስ ነው። ሰው በልጅነቱ ጉድፍ ይዞት ሲድን ቫይረሱ ከሰውነቱ አይወጣም። አከርካሪ አጠገብ ባሉ የነርቭ ሥሮች ውስጥ አድፍጦ ይቀመጣል፣ ለስንት ዓመት! ዕድሜ ሲገፋ ወይም የሰውነት መከላከያ ሲዳከም ይነሳና ያንኑ ነርቭ ተከትሎ ወደ ቆዳ ይወጣል። በአንድ ጎን ብቻ፣ እንደ መቀነት ግማሽ ወገባቸውን ይዞ ውኃ የቋጠረው ለዚህ ነው። «ሽፍታው ሳይወጣ አቃጠላቸው» ያልሽውም ከነርቩ የመጣ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ መዘግየቱ ነው። አሲክሎቪር የሚባለው መድኃኒት ይበልጥ የሚጠቅመው ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። መርፌውን ከፈራሽም፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው በሚዋጥ ኪኒን ነው። ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ውሰጃቸው። የምትቀቢውን ቅጠል ተዪው፤ ቁስሉ እንዳያመረቅዝ። ዓይን አካባቢ ከወጣማ ለነገ አይባልም። ነፍሰ ጡር ናት ያልሻት እህትሽ ጉድፍ ይዟት የማያውቅ ከሆነ ቁስሉን አትንካ፤ ሽፍታውም በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈን።