ውዳሴ ኢሜጅ

ባለፈው ወር በተደረገው የእድራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ «ኢሜጅ» የሚለው ቃል ስንት ጊዜ እንደተነሣ በጣቴ መቁጠር ጀምሬ ነበር፤ ሁለቱን እጆቼን ከጨረስሁ በኋላ ግን የጎረቤቴን ጣቶች መበደር ስላሳፈረኝ ተውሁት። ቃሉ እናንተንም በየስብሰባው፣ በየቃለ መጠይቁና በየሆቴሉ ምርቃት እንዳንገሸገሻችሁ አውቃለሁ። እኔ ግን ዛሬ የተነሣሁት ላወድሰው ነው፤ እንዲህ ያለ ባለውለታ ቃል በአገራችን ሳይመሰገን መቅረቱ ግፍ ነውና።

የኢሜጅን ውለታ ለመረዳት አስቀድሞ የገዛ ቃሎቻችንን ጭካኔ ማየት ያስፈልጋል። ሥዕል ብንል ሠዓሊው ማን እንደሆነ ይጠየቃል። መልክ ብንል አብሮን የተወለደ ነውና በበጀት ዓመቱ መጨረሻ ልንለውጠው አንችልም። ስም ብንል ደግሞ «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ተብሎ የተተረተለት፣ ዕድሜ ልክ ተሠርቶበት የሚገኝ ከባድ ዕቃ ነው። ከሁሉ የከፋው ግን ምስል ነው። ምስል የ«መሰለ» ልጅ ስለሆነ ማንን እንደሚመስል ሳይጠየቅ አያልፍም፤ ይባስ ብሎም በዚያው ቤት ያደገ «አስመሳይ» የሚባል ወንድም አለው። እንግዲህ «የድርጅቱን ምስል የምገነባው እኔ ነኝ» ብሎ ራሱን የሚያስተዋውቅ ባለ ከረባት፣ አድማጩ ትንሽ ሰዋስው የሚያውቅ ከሆነ ምን ሊደርስበት እንደሚችል አስቡት። ኢሜጅ ግን ዘመድ የለውም፤ ወንድሙን አናውቀውም፤ ስለዚህ አያጋልጥም።

እርግጥ ነው፣ በአገሩ ሲታይ ይህም ቃል ዘር አልባ አይደለም። የመጣው «ኢማጎ» ከሚለው የላቲን ቃል ሲሆን ትርጉሙም አምሳያና ቅጂ፣ አንዳንዴም የሙት ጥላ ነው፤ መኮረጅን ከሚገልጸው የላቲን ግሥ ጋርም ይዛመዳል። የጥንት ሮም ባላባቶች የሞቱ አባቶቻቸውን ፊት የሚመስል የሰም ጭንብል አሠርተው በቤታቸው አዳራሽ ያኖሩ፣ ከቤተሰቡ ሰው ሲሞትም ጭንብሉን ሰዎች አጥልቀውት ቀብር ላይ እንዲታይ ያደርጉ ነበር። የዚያ ጭንብል ስም ኢማጎ ነበር። ቃሉ ከዚያ ተነሥቶ እኛ ዘንድ እስኪደርስ ድረስ መንገዱ ስለረዘመ ሰሙ ብቻ ገባ፤ ወርቁ የት ወድቆ እንደቀረ እንጃ። ራጅ የሚያነሡት የሐኪም ቤት ባለሙያዎችም ቃሉን ይጠቀሙበታል ይባላል፤ ነገር ግን የእነርሱ ኢሜጅ የተሰበረውን አጥንት የሚያሳይ ሲሆን የእኛ የሚሸፍን ነውና፣ ቤት ከመምታታቸው በቀር ራጅና ኢሜጅን አንድ የሚያደርጋቸው ነገር የለም።

ወደ እድራችን ልመለስ። የጉባኤው ሦስተኛ አጀንዳ የድንኳን ጥገና ነበር። ድንኳናችን በቀኝ በኩል፣ ከመካከለኛው ምሰሶ አጠገብ ስፌቱ ስለለቀቀ ዝናብ በመጣ ቁጥር ውኃው በቀጥታ የሚወርደው ሴቶቹ በሚቀመጡበት አግዳሚ ላይ ነው። በቅርቡ የኮሚቴ አባል የሆነ አንድ ወንድማችን ግን ብድግ ብሎ «ከድንኳኑ በፊት መጠገን ያለበት ኢሜጃችን ነው» አለ። ቤቱ ጸጥ አለ። ከወደ ኋላ የተቀመጡ አንዲት ባልቴት «ልጄ፣ ይህ ያልኸው ነገር ዝናብ ያስገባል ወይስ አያስገባም?» ብለው ጠየቁት። «እማማ፣ ኢሜጅ ማለት እኮ፣ እንዴት ልበልዎት፣ ያው ኢሜጅ ነው» ሲል መለሰላቸው። እስከ ዛሬ ከሰማኋቸው ፍቺዎች ሁሉ ይህን የሚያህል ጥንቃቄ የተሞላበት አላጋጠመኝም።

የጥገናው ገንዘብ በድምፅ ብልጫ ለሦስት ሜትር ባነር ዋለ። በባነሩ ላይ ከኢንተርኔት የወረዱ ሁለት የተጨባበጡ እጆች ታትመዋል፤ የሸሚዛቸው እጅጌ በአዝራር የተያዘ፣ ጥፍራቸው የተሞረደ፣ ቃሬዛ ተሸክመው የማያውቁ የፈረንጅ እጆች ናቸው። ቀጥሎ ድንኳኑ ፎቶ ይነሣ ተባለ። የተቀደደው ቀኙ ስለሆነ ፎቶ አንሺው በግራ በኩል ዞረ፤ ከግራ ደግሞ የሊቀመንበሩ አጥር ስለሚታይ ዝቅ ብሎ ጭቃው ላይ ተንበረከከ፤ ዝቅ ሲል የጎረቤት ውሻ ስለገባበት ጥቂት ወደ ጎን ተንሸራተተ፤ በመጨረሻም የድንኳኑ አንድ ጥግ ብቻ፣ በሰማያዊ ሰማይ ሥር፣ ቤተ መንግሥት መስሎ ወጣ። ፎቶውን ሳየው ትዝ ያሉኝ የጥንት የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችን ናቸው። እነርሱ ጻድቁን ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ፣ ክፉውን ደግሞ በጎን አዙረው በአንድ ዓይን ይሥሉ ነበር፤ ማንበብ የማይችለው ምእመን እንኳ ማን ማን እንደሆነ በአንድ እይታ ይለያል። ድንኳናችንም ገንዘብ ከፍሎ፣ ተሞናሙኖ፣ በገዛ ፈቃዱ አንድ ዓይና ሆኖ ተሣለ።

እዚህ ላይ ውዳሴዬን ለአፍታ ላቋርጥ። በዚያው ሰሞን በነበረ አንድ ቀብር ላይ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ በልጇ ሬሳ ሣጥን ላይ የተደፋችን እናት፣ ስልኩን የደገነ አንድ ሰው «ብርሃኑ እንዲያገኝዎ ትንሽ ቀና ይበሉ» ሲላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ለእድሩ ኢሜጅ እንደሚጠቅምም ለቆሙት አስረዳ። ይህ ነውር ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ልጇን የምትቀብር ሴት ለማንም ጌጥ አይደለችም፤ ያንን ስልክ ከእጁ የሚቀበል አንድ ወንድ ከመካከላችን መጥፋቱም፣ እኔንም ጨምሮ፣ ሁላችንን የሚያሳፍር ነው።

ወደ ምስጋናው ስመለስ፣ የሊቃውንቱ የመልክእ ድርሰት ቅዱሱን ከራስ ጠጉሩ ጀምሮ እስከ እግሩ ጥፍር፣ ከዚያም እስከ በድኑና እስከ ግንዘቱ እያንዳንዱን ክፍል «ሰላም ለ» እያለ ያወድሳል። እኔም ለኢሜጅ መልክእ ልደርስለት ብዕሬን አንሥቼ ነበር፤ ነገር ግን ራስ ስፈልግለት ሎጎ፣ ልብ ስፈልግለት መሪ ቃል፣ እግር ስፈልግለት የባነሩን ማሰሪያ ገመድ ብቻ ስላገኘሁ አንዲት ዐርኬ እንኳ አልሞላልኝም።

ባለፈው ቅዳሜ ሌላ ሐዘን ነበረብን። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ተቀደደና የነሐሴው ዝናብ በለመደው ቦታ መውረድ ሲጀምር፣ ሁለት ጎረምሶች ማንንም ሳያስፈቅዱ ባነሩን ከበሩ ላይ ፈትተው በድንኳኑ ጣሪያ ላይ ወረወሩት፤ በአራት ድንጋይና በገመድም ወጠሩት። ከውስጥ ቀና ብለን ስናይ ሁለቱ የተሞረዱ እጆች በቀዳዳው በኩል ተገልብጠው ይታያሉ። ባልቴቷ ከአግዳሚያቸው ሳይነሡ ወደ ላይ አተኩረው ቆዩና፣ አጠገባቸው የቆመውን የኮሚቴ ወንድማችንን እጅጌ ያዝ አድርገው «ለካስ አያስገባም» አሉት።