በአፍንጫ የሚቀመስ ወጥ

አማቴ ዶሮ ወጥ የሚሠሩት በአፍንጫቸው ነው። ስድብ እንዳይመስልብኝ ቶሎ ላስረዳ። የፋሲካ ዶሮ የሚሠራው ቅዳሜ ነው፣ በቀዳም ስዑር። ያ ቀን ደግሞ የሁዳዴ 55ኛ ቀን ነው፤ ሥጋና ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል ከአፍ ከራቁ ሁለት ወር ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው። ስለዚህ ከዓመቱ ወጦች ሁሉ ትልቁ፣ እንግዳ የሚፈርድበትና ባለሙያ የሚታማበት ወጥ፣ ሠሪዋ አንዲት ጠብታ ሳትቀምስለት ይበስላል። አማቴማ አክፋይ ናቸው፤ ከስቅለት ጀምሮ እህልም ውሃም በአፋቸው አይዞርም። ክዳኑን ገለጥ አድርገው እንፋሎቱን በመዳፋቸው ወደ አፍንጫቸው ሳብ ያደርጉና "ጨው አንሶታል" ይላሉ። ይጨምራሉ። እንደገና ያሸታሉ። "አሁን ሆነ።" ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ስንቀምሰው፣ እውነትም ሆኗል።

እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ያለ ደረሰኝ የወጣ ገንዘብና ያለ መለኪያ የገባ ጨው እኩል እንቅልፍ ይነሱኛል። በየዓመቱ እጠይቃለሁ።

"እማማ፣ ስንት ማንኪያ ነው የጨመሩት?"

"እስኪበቃው ድረስ ነዋ።"

"እንደበቃው በምን ያውቃሉ?"

"ሲበቃው!"

በዚህ ዓይነት መልስ ሂሳብ አይዘጋም።

አምና ግን ዕድሉ በእጄ ገባ። ባለቤቴ በስቅለት ዕለት ስግደት አብዝታ፣ ቅዳሜ ጠዋት ከአልጋ ልትወርድ ስትል ጉልበቷ እምቢ አላት። ስንት ጊዜ እንደሰገደች ብጠይቃት "አልቆጠርኩም" አለችኝ። የእናቷ ልጅ ናት። አማቴ የሚመጡት ከቀትር በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ማድ ቤቱ የእኔ፣ ዶሮው የእኔ፣ መጽሐፉም የእኔ ሆነ ማለት ነው።

መጽሐፉን አሜሪካ የሚኖረው የባለቤቴ ወንድም ነው የላከልን። የዓለምን የበዓል ምግብ በሙሉ ሰብስቦ የያዘ፣ እንደ ብሎኬት የሚከብድ፣ ወረቀቱ የሚያብረቀርቅ መጽሐፍ ነው። እንደማንኛውም የምግብ አሠራር መጽሐፍ የምናስቀምጠው ሳሎን ነው፣ ማንም ከማይጠጣባቸው ብርጭቆዎች ጎን። ማድ ቤት የገባው ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው፤ እኔም ብዙም አልበልጠው።

ኢትዮጵያን ፈልጌ አገኘሁ። ፎቶግራፉ ላይ ዶሮ ወጡ ሩዝ ላይ ተኝቷል፤ አናቱ ላይ አንድ አረንጓዴ ቅጠል ተሰክቶበታል። ከሥሩ አጥንት የሌለው የዶሮ ደረት፣ አንድ ራስ ሽንኩርት፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ በርበሬ ይላል። ጊዜ፦ 45 ደቂቃ። በደማቅ ቀለም ደግሞ "ዶሮውን አትጠቡ" የሚል ማስጠንቀቂያ ተጽፏል። ምክንያቱን አነበብኩት። ጥሬ ዶሮ ሲታጠብ ላዩ ላይ ያለው ጀርም ከውሃው ጋር በየአቅጣጫው ይረጫል፤ ጀርሙን የሚገድለው እሳቱ ነው እንጂ ውሃው አይደለም። ይህን የጤና ባለሙያዎችም የሚሉት ነው፣ እውነት ነው። እውነት መሆኑ ነው ኋላ መከራ ያመጣብኝ።

አውራ ዶሮውን በስመ አብ ብዬ ባረክሁት። በፈላ ውሃ ነክሬ ላባውን ነጨሁ፣ በእሳት ለበለብሁት። እስከዚህ ድረስ ወንድ ልጅ የሚያውቀው ነው። ብልት ማውጣቱ ግን ሌላ ትምህርት ቤት ነው። ዶሮ 12 ብልት እንዳለው ሕፃንም ያውቃል፤ ችግሩ ዶሮው ራሱ መስመር አልተሠመረበትም። መገጣጠሚያውን እየፈለግሁ፣ ባጣሁት ቦታ ደግሞ እየፈጠርሁ፣ ስጨርስ ሳህኑ ላይ ደርድሬ ቆጠርኩ። 14 ሆነ። ደግሜ ቆጠርኩ። ያው 14። በሥራ ዘመኔ ብዙ ጉድለት አይቻለሁ፤ ከዶሮ ላይ ትርፍ ሲገኝ ግን የመጀመሪያዬ ነበር።

በዚህ መሀል አማቴ ከቤተ ክርስቲያን ቀጥታ መጡ፣ ቄጤማቸውን ራሳቸው ላይ እንዳሰሩ። ልጃቸውን ሳሟት፣ ጉልበቷን በቅባት አሹላት፣ ከዚያ ወደ ማድ ቤት ገቡ። ሳህኑን አዩ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ጸሎት መስሎኝ ነበር፤ ለካ እየቆጠሩ ነው።

"አሥራ አራት" አሉ በመጨረሻ። "ዶሮው ዘመድ ይዞ ነው እንዴ የመጣው?"

ዝም አልኩ።

"ፈረሰኛውን ለሁለት ከፍለኸዋል። ይኸኛው ፈረሱ ይሆናል፣ ይኸኛው ጋላቢው።" ፈረሰኛ ማለት ለአባወራው የሚወጣው ብልት ነው። አባወራው ደግሞ እኔ ነኝ። በገዛ ቢላዬ ራሴን ማዕረግ ገፈፍኩ።

ያኔ ማረፍ ነበረብኝ። ግን የተጻፈ ነገር የያዘ ሰው አያርፍም፤ መጽሐፉን ገልጬ የአንዱን ራስ ሽንኩርት ጉዳይ አነሣሁ።

"አንድ ራስ? ለታማሚ ነው እንዴ የምንሠራው?"

"ደግሞ እማማ፣ ዶሮው መታጠብ የለበትም ይላል።"

አማቴ አልመለሱልኝም። አማተቡ። ሳህኑን ከፊቴ አነሡና ሎሚና ጨው እንዳመጣ በአገጫቸው አመለከቱኝ። ከዚያ በኋላ ያ ዶሮ በሕይወቱ ያላየውን ገላ ታጠበ። በጨው ታሸ፣ በሎሚ ታሸ፣ ተለቀለቀ፣ እንደገና ተዘፈዘፈ፤ የመጨረሻው ውሃ ከምንጭ የተቀዳ መስሎ እስኪወጣ። ጀርሙን በተመለከተ መጽሐፉ ትክክል ሳይሆን አይቀርም። የትኛው ጀርም ግን ነው አማቴ ፊት የሚቆመው?

ሽንኩርቱ ሁለት ኪሎ ነበር። ዘይት የለም፣ ቅቤ የለም፤ በደረቁ ድስት ላይ ገባና አማቴ በርጩማቸውን ስበው ማማሰያውን ያዙ። ቁሌት ስትሉ መጽሐፉ የማያውቀው አንድ ነገር አለ፤ መቀመጥ። ሽንኩርቱ መጀመሪያ ያለቅሳል፣ ከዚያ ውሃውን ይጨርሳል፣ ሊይዝ ሲል ጠብ የምታደርጉለትን ውሃ ይጠጣል፣ እንዲህ እያለ ቅርጹ ሁሉ ጠፍቶ ቡናማ ድልህ ይሆናል። ከዚህ በኋላ ነው በርበሬው የሚገባው፤ እሱም የራሱን ጊዜ ይፈልጋል። ከዚያ ቅቤው፣ ኮረሪማውና ኮሰረቱ ሽታቸውን ይዘው። አማቴ ለሦስት ሰዓት ያህል ከዚያ በርጩማ አልተነሡም። መጽሐፉ 45 ደቂቃ ያለው ሠራተኛዋን ሳይሆን ታክሲ የምትጠብቀውን ሴት አስቦ መሆን አለበት።

"አንተ ሂድና ያንን ጣፋጭህን ሥራ" አሉኝ። የደግነት ድምፅ ነበር፣ ልጅ ከእሳት ሲያርቁ የሚወጣው ዓይነት።

ጣፋጩ ኬክ ነው። መጽሐፉ ከበዓል ምግብ በኋላ ጣፋጭ ምግብ መቅረብ አለበት ይላል። እኛ ዘንድ ከምግብ በኋላ የሚቀርበው ቡና ነው፤ ከቡና በኋላ የሚቀርበው ሁለተኛው ቡና ነው። ሆኖም ከዶሮው የተረፈኝ ሥልጣን ይኸው ብቻ ስለሆነ በትጋት ያዝኩት። ሦስት ሲኒ ዱቄት፣ ሁለት ሲኒ ስኳር፣ ሦስት እንቁላል። እሳቱን 350 ላይ አድርጉ ይላል። የእኛ ምድጃ ቁጥሩ 250 ላይ ያበቃል። ማዞሪያውን እስከ ጥግ አዞርሁት፤ ከዚያ በላይ ምን ላድርግ? ከሃያ ደቂቃ በኋላ ያወጣሁት ነገር ከላይ ከሰል ነበር፣ ከውስጥ የእንቁላል ፍርፍር።

አሥረኛ ክፍል የምትማረው ልጄ መጥታ መጽሐፉን አየች።

"አባዬ፣ ይኸ እኮ ፋራናይት ነው። 32 ቀንስ፣ በ5 አባዛ፣ ለ9 አካፍል።" 177 ገደማ መጣ። "ሲኒውም የቡና ሲኒ አይደለም። የአሜሪካኖች ኩባያ 240 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ ያንተ ሲኒ ሲሦውን ነው። ዱቄቱንና ስኳሩን በሲሦ ለክተህ እንቁላሉን ሙሉ ሦስት አገባህ ማለት ነው።"

ሃያ ዓመት ሚዛን ሳስታርቅ የኖርሁ ሰው ነኝ። ሁለት የተለያየ መለኪያ በአንድ አምድ ደመርሁ! ይህን የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ እንዳይሰሙ ልጄን አስምያታለሁ፤ እዚህ የጻፍኩት ስለማያነቡ ነው።

ሁለተኛው ኬክ በትክክለኛው ኩባያ፣ በትክክለኛው እሳት ገባ። እንቁላል የገዛሁት 18 ነበር፤ ሦስት ሄደ፣ ሦስት ተደገመ፣ ለወጡ 12 ቀረ። ሂሳቡ ይገጥማል፤ ብልቱ 14 መሆኑን ካልቆጠራችሁ። በመስታወቱ አሻግሬ ሳይ ኬኩ ተነሣ፤ ደግሞም ተነሣ፤ የጣሳውን አፍ አልፎ ደረቱን ነፋ። ባለቤቴን ደግፌ አምጥቼ አሳየኋት። እያየነው መሀሉ ዝቅ አለ። ቀስ ብሎ፣ ምንም ድምፅ ሳያሰማ፣ ከወንበር እንደወረደ ሹም ተቀመጠ።

ልጄ ለዚህም መልስ አላት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ የአየሩ ግፊት ያንሳል። ቤኪንግ ፓውደሩ የሚያወጣው ጋዝ ከልኩ በላይ ይለጠጣል፤ ሊጡ ገና ሳይጠነክር ያነሣዋል፣ ከዚያ የሚደግፈው ያጣል። ባሕር ዳርቻ ላይ ተቀምጦ የተጻፈ ኬክ እዚህ ሲመጣ ቤኪንግ ፓውደሩንና ስኳሩን ቀነስ፣ ፈሳሹን ጨመር ይፈልጋል። ውሃም እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ስለዚህ አውራ ዶሮ በ45 ደቂቃ ይበስላል ማለት የበለጠ ተረት ነው አለችኝ። ከበርጩማው ላይ "ምን አለች?" የሚል ድምፅ መጣ። ነገርኋቸው። አማቴ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሳይንስ ዘግይቶም ቢሆን ወደ እሳቸው በመምጣቱ የተደሰቱ መሰሉ።

የኬኩን ጉድጓድ አዩት። ምንም አላሉም። ማር አመጡና ሞሉበት፤ የተወቀጠ ለውዝ ነሰነሱበት፤ በንጹሕ ጨርቅ ሸፈኑት። ከዚያ ወደ ድስታቸው ተመለሱ፣ አሸተቱ፣ "ጨው አንሶታል" አሉ።

ሌሊት ጾሙ ሲገደፍ፣ ሌላውን ትርፍ ብልት ምርቃት ነው ብለው ለልጄ አወጡላት። ጋላቢውን ራሳቸው ወሰዱ። ፈረሱ ለእኔ ደረሰኝ፤ ያለ ደረሰኝ። ጨው? ጨውማ ልክ ነበር።

በማግሥቱ ጎረቤታችን ለእንኳን አደረሳችሁ መጡ። ዶሮውን አመሰገኑ፣ ጠላውን አመሰገኑ፤ ኬኩ ላይ ሲደርሱ ግን ዝም አሉና ሁለተኛ ቁራጭ ጠየቁ።

"እማማ፣ ይኸ መሀሉ ማር የሆነው ምን የሚሉት ነው? እንዴት ነው የሚሠራው?"

አማቴ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

"የአሜሪካ ነው። በመጽሐፍ ነው እንጂ ዝም ብሎ አይሠራም" አሉ። "ሦስት እንቁላል፣ በ350።"

ቀና ብዬ አየኋቸው። እሳቸው አላዩኝም።

ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ጎረቤታችን ናቸው፤ እጃቸው ዱቄት ነክቶታል።

"እማማ፣ የእኛ ምድጃ 250 ላይ አበቃብኝ። የቀረውን 100 ከየት ላምጣው?"

አማቴ ስኒያቸውን ረከቦቱ ላይ አስቀመጡና በአገጫቸው ወደ እኔ አመለከቱ።

"እሱን ጠይቂው ልጄ። የቁጥሩ ሰው እሱ ነው።"