ሆዴን ለሕዝብ አስረክቤያለሁ

ጥፋቱ የኔ ነው። "ሆድ ይፍጀው" የሚባለው ለምስጢር ብቻ መስሎኝ ኖሬያለሁ። ለካ ለሆድ ራሱም ይሠራል።

ባለፈው ማክሰኞ ከምሳ መልስ ቢሮ ቁጭ ብዬ ቀበቶዬን በአንድ ቀዳዳ አላላሁና "ኡፍ፣ ሆዴን ነፋኝ" አልኩ። ለማንም አላልኩም፤ ለኮምፒውተሬ ነው ያልኩት። ወንበሬን አዙሬ ሳልጨርስ ሰባት ማዘዣ ደረሰኝ። ቆጥሬያቸዋለሁ። አንዱ "ዝንጅብል" አለ። አንዷ ደግሞ "ዝንጅብል እንዳትነካ፣ ያቃጥልሃል፣ ናና ነው" አለች። ሦስተኛው ሁለቱንም በአዘኔታ አየት አደረገና "እንስላል" ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ። ከዚያ በላይ ማብራራት ክብሩን የሚነካው ይመስላል። ወረቀት ሊያስፈርም የመጣ፣ ስሜን እንኳ የማያውቅ እንግዳ፣ በር ላይ ቆሞ "ጥቁር አዝሙድ በማር፣ በባዶ ሆድ" አለኝና ሄደ። ማስፈረሙን ረስቶታል።

ይህ ጽሑፍ የምስጋና ነው። ለእነዚህ ሰዎች እስከ ዛሬ ማንም አላመሰገናቸውም። እናንተም አንድ ሁለቱ ቤታችሁ አሉ።

በመጀመሪያ ቅልጥፍናቸው! ሐኪም ጋ ሂዱና እዩ እስቲ። ሰውዬው ጊዜያችሁን በጥያቄ ይፈጀዋል። ከመቼ ጀምሮ ነው? ከምን ከምን በኋላ ይብስብሃል? ክብደት ቀንሰሃል? ሰገራህ ላይ ደም አይተሃል? የምትወስደው ሌላ መድኃኒት አለ? ሰባት ዓመት ተምሮ ሰው ይጠይቃል፣ አያሳፍርም? የኛዎቹ ግን ጥያቄ የሚባል ነገር አያውቁም። ሰባት ማዘዣ፣ ዜሮ ጥያቄ።

ቢጠይቁኝማ ኖሮ ምሳዬን እነግራቸው ነበር። የባቄላ ሾርባ ነው የበላሁት፣ በአምስት ደቂቃ፣ ስልክ እያወራሁ። ከላዩ ለስላሳ በስትሮ መጠጥኩበት። ከዚያ ማስቲካ። እንግዲህ ባቄላና ምስር ውስጥ የሰው አንጀት ሊሰብረው የማይችል የስኳር ዓይነት አለ። ለእሱ የሚሆን ኢንዛይም የለንም። እንዳለ ትልቁ አንጀት ይደርሳል፤ እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች ድግስ እንደተጠራ ሰው ተሻምተው ይበሉታል፣ ጋዙን ለኔ ይተዉልኛል። እየተቻኮሉ መብላቱ፣ ስትሮውና ማስቲካው ደግሞ አየር አብረን እንድንውጥ ያደርጋሉ። ለስላሳው ራሱ ጋዝ ነው። ያን ቀን ሆዴ ባይነፋ ነበር የሚያስደነግጠው። ግን ይህን ቢያውቁ "ቀስ ብለህ ብላ" ከማለት ሌላ ምን ይቀራቸዋል? "ቀስ ብለህ ብላ" ደግሞ አይወቀጥም፣ አይፈላም፣ በጠርሙስ አይሰጥም።

ሁለተኛው ንጽሕናቸው ነው። ጤነኛ ሰው በቀን ከ8 እስከ 14 ጊዜ ጋዝ ያስወጣል። እስከ 25 ቢደርስም ጤና ነው ይባላል። እነሱ ግን አንድም ጊዜ አስወጥተው አያውቁም። ሊፍት ውስጥ የሆነውን ሁሉ ያደረገው ሁልጊዜ አሁን ሦስተኛ ፎቅ ላይ የወረደው ሰውዬ ነው። ሰውዬው እንኳ ያን ያህል አልበደለም። ከዚያ ጋዝ ከ99 በመቶ በላዩ ሽታ የለውም፤ ስሙን የሚያጠፋው ሰልፈር ያለበት እፍኝ የማይሞላ ነገር ነው።

አሁን ወደ ጋሼ ጠርሙስ ልምጣ። እውነተኛ ስማቸውን አልጠራም። መጥራትም አያስፈልግም፣ በየመሥሪያ ቤቱ አንድ አንድ አሉ። ጋሼ ጠርሙስ ማዘዣ አይሰጡም፤ መድኃኒቱን ራሱን ይዘው ነው የሚመጡት። በሁለት ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ክዳኑ በላስቲክ የተጠቀለለ፣ ቀለሙ የዝናብ ጎርፍ የመሰለ። መጀመሪያ ላይ ዝንጅብልና ሎሚ ብቻ ነበር አሉ። ከዚያ አንድ ወዳጃቸው ነጭ ሽንኩርት ጨምሩበት አላቸው። አማታቸው ማር አሉ። በአውሮፕላን አጠገባቸው የተቀመጠ ሰው እርድ አለ። ማንንም ማስቀየም አይወዱምና ሁሉንም ጨመሩት። ቀረፋ ገባ። አቼቶ ገባ። ቅርንፉድ ገባ። ሰባት የናና ቅጠል ገባ፤ ስድስት ከሆነ አይሠራም፣ ስምንት ከሆነ ይገድላል። በብረት ማንኪያ አይማሰልም። ፀሐይ ሳይወጣ ይጠጣል። ቆሞ ይጠጣል። ሲጠጣ አይወራም፤ ካወሩ ከእንደገና ይጀመራል። አንድ ቀን "ጋሼ፣ ለምንድነው ቆሞ የሚጠጣው?" ብላቸው እንደ ልጅ እያዩኝ "ቁጭ ካልክ የት ይወርዳል?" አሉኝ። መልስ አጣሁ።

የሁሉ ቁንጮ ግን ቤኪንግ ሶዳው ነው። መጨረሻ ላይ፣ ልትጠጡ ስትሉ፣ አንድ ማንኪያ ጣል ያደርጉበታል። ብርጭቆው አረፋ ደፍቆ ጠረጴዛው ላይ ይፈሳል። ጋሼ ዓይናቸው ይበራል። "አየኸው? እየሠራ ነው!" ሶዳ ከሎሚና ከአቼቶ ጋር ሲገናኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው የሚወጣው። ጨጓራ ውስጥ ካለው አሲድ ጋር ሲገናኝም ያው ነው። ጋዝ! ጋዝ ለበዛበት ሰው ጋዝ ያጠጡታል። ጎማው ሊፈነዳ ለደረሰ ሾፌር ፓምፕ እንደማቀበል በሉት። ጠግበው ከበሉ በኋላ ሶዳ ጠጥተው ጨጓራቸው የተቀደደ ሰዎች በሕክምና መጽሔቶች ላይ ተመዝግበዋል። ጋሼ ግን መጽሔት አያነቡም። ጊዜ የላቸውም፣ እየወቀጡ ነው።

ደግሞ መድኃኒቱ ሽንፈት አያውቅም። ጠጥታችሁ ካገሳችሁ "ወጣልህ!" ይሏችኋል። ካላገሳችሁ "እየሰበሰበው ነው"። ካስቀመጣችሁ "እየጠረገ ነው"። ካቃጠላችሁ "በሽታው እየተሟገተ ነው"። ምንም ካልተሰማችሁ "ከሥር ነው የሚሠራው"። በራሱ ጊዜ፣ ማታ ላይ፣ እንደማንኛውም ጋዝ ከለቀቃችሁ ደግሞ በማግስቱ ኮሪደር ላይ ይጠብቋችኋል። "አላልኩህም?" ካልዳናችሁም ጥፋቱ ይታወቃል፣ ቁጭ ብላችሁ ጠጥታችኋል።

ናና ምን አደረገኝ? ምስኪን ቅጠል ነው። ውስጡ ያለው ሜንቶል የአንጀትን ጡንቻ ያላላል። አንጀት ደርሶ በሚሟሟ ካፕሱል የሚሰጠው የናና ዘይት አንጀታቸው በቀላሉ ለሚታወክባቸው ሰዎች በጥናት ተፈትኖ የተወሰነ ፋይዳ ታይቶበታል። ግን ያው ማላላቱ የጨጓራን በር ከላይ ከፈት ሊያደርገውና ቃር ሊያመጣ ይችላል። ዝንጅብልም ጨጓራ ቶሎ እንዲጎድል ያግዛል። ደም ማቅጠኛ ለሚወስድ ሰው ግን አብዝቶ መውሰዱ ሐኪም የሚጠየቅበት ነገር ነው። አያችሁ፣ "ግን" መጣ። "ግን" ሲመጣ ጠርሙሱ ይዘጋል። ስለዚህ "የተፈጥሮ ነው፣ ምን ይጎዳል?" ይባላል። ትምባሆስ ቅጠል አይደለም እንዴ?

ባሪ ማርሻል የሚባል አውስትራሊያዊ ሐኪም ነበር። የጨጓራ ቁስለት የሚመጣው ከጭንቀት ሳይሆን ከባክቴሪያ ነው ሲል ብዙዎቹ አላመኑትም። በ1984 (እ.ኤ.አ.) ባክቴሪያውን በብርጭቆ አድርጎ ራሱ ጠጣው። በቀናት ውስጥ ጨጓራው ተቆጣ፣ ማስመለስም ጀመረው። በ2005 ከባልደረባው ከሮቢን ዋረን ጋር የኖቤል ሽልማት ወሰደ። ሞኝ ነው መቼም። ይህ ሁሉ የሰው ጨጓራ እያለ በራሱ ላይ ይሞክራል? ጋሼ ጠርሙስ ያቺን ጠርሙስ አንድ ቀን እንኳ ሲጎነጩላት አላየሁም።

አንድ ነገር ግን አልስቅበትም። የእንቁልጢ (የሴት እንቁላል የሚመረትበት ክፍል) ካንሰር ብዙ ጊዜ ሲጀምር የሚመስለው ይህንኑ ነው። ሆድ ይነፋል፣ ትንሽ ሲበሉ ይጠግባል፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ ይመጣል። አንዲት ሴት፣ በተለይ 50 ዓመት ካለፋት፣ ሆዷ በየቀኑ ለሳምንታት ሲነፋ አንድ ሰው "ከመቼ ጀምሮ ነው?" ሊላት ይገባል። ማንም አይላትም። እንስላል ይሰጧታል። ያ ሲያልቅ ዝንጅብል። ያ ሲያልቅ "አንቺም አልታገስሽም" ይሏታል። ወራቷን በሲኒ እየለኩ ይጨርሱባታል። ከዚያ ሆስፒታል አልጋዋ አጠገብ ብርቱካን ይዘው መጥተው "ምነው ቀደም ብለሽ ብትታዪ ኖሮ" የሚሏት እነዚያው ናቸው። ምን ዓይነት ልብ ነው? አንድ ጥያቄ መጠየቅ ስንት ያስከፍላል?

እሺ፣ ተመልሻለሁ። ምስጋና ላይ ነበርን።

አርብ ዕለት ጋሼ ለኔም አንድ ጠርሙስ አመጡልኝ፤ ትንሿን፣ ለጀማሪ የምትሆነውን። "ሰኞ ጠዋት፣ ቆመህ" አሉኝ። እሺ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጥኳት። መስኮቱ ጋ፣ ፀሐዩ የሚመታበት ቦታ። ረስቻት ወጣሁ።

ሰኞ ስገባ ጠርሙሷ ቀጥ ብላ መቆም አልቻለችም። ቂጧ ወደ ውጭ ወጥቶ እንደ እንቁላል ትወዛወዛለች። ጎኗ ተወጥሮ ሊሰነጠቅ ደርሷል። ማሩና ዝንጅብሉ ቅዳሜና እሁድን እዚያ ሙቀት ላይ አብረው ከርመው ተብላልተዋል። ክዳኑን ቀስ ብዬ ሳላላው "ትስስስስ" ብሎ ሸሚዜን አረጠበው። ቢሮው በሙሉ ቀና አለ።

ጋሼ ጠርሙስ ከወንበራቸው ተነሱ። አጠገቤ መጥተው፣ ምን እንደሆነ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ሳይጠይቁ፣ መዳፋቸውን የጠርሙሷ ሆድ ላይ አሳረፉ። ሁለት ጊዜ ጫን ጫን አደረጓት። ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"እንስላል ጎድሏታል" አሉኝ።