ማስተካከያ፦ የልጆቹ ዘፈን ከወረርሽኝ አልመጣም

የእንግሊዝ ልጆች እጅ ለእጅ ተያይዘው እየዞሩ የሚዘፍኑት «ሪንግ አ ሪንግ ኦ ሮዝስ» በ1665 እ.ኤ.አ. በለንደን የቸነፈር ወረርሽኝ ጊዜ ተወለደ ብዬ ጽፌ ነበር። ተሳስቻለሁ፣ ይቅርታ።

በዘፈኑ ውስጥ ያለው ጽጌረዳ የቆዳ ሽፍታ፣ ልጆቹ የሚሉት «አቲሹ» ማስነጠስ፣ መጨረሻ ላይ መውደቃቸው ሞት ነው የሚለው ትርጓሜ ልብ ይነካል። እኔም ሳላጣራ ተቀበልኩት። ግን ግጥሙ እንግሊዝ አገር በመጽሐፍ ታትሞ የወጣው በ1881 ነው፤ ከወረርሽኙ 216 ዓመት በኋላ! ኬት ግሪናዌይ ባዘጋጀችው በዚያ መጽሐፍ ደግሞ ልጆቹ ጭራሽ አያስነጥሱም። «ሃሽ! ሃሽ!» ነው የሚሉት፤ ዝም በሉ እንደ ማለት። ማስነጠስ የሌለበት ዘፈን እንዴት የበሽታ ምልክት ይሆናል? በሽታው ራሱም ይበልጥ የሚታወቀው በብሽሽትና በብብት በሚወጣ እብጠት ነው።

በዚያን ጊዜ ለንደን ይኖር የነበረው ሳሙኤል ፔፕስ ያን ክፉ ዓመት በማስታወሻው ቀን በቀን መዝግቦታል። ስለዚህ ዘፈን አንዲት ቃል አልጻፈም። በሌሎች ቅጂዎች ልጆቹ አይወድቁም፣ ጎንበስ ብለው እጅ ይነሳሉ። የወረርሽኙ ትርጓሜ በሰፊው የተሰራጨው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ለልጆቻችሁ በእኔ ጽሑፍ ተመርታችሁ ከነገራችኋቸው፣ እባካችሁ ይህንንም ንገሯቸው።