ክርክር፦ ፊደል ያልነበረው ሕዝብ ታሪክ አለው?

የታሪክ መምህሩ፦ እህቴ፣ ኮንሶን እኔም እወዳለሁ። ግን «ኦላሂታው እያለ መጽሐፍ ምን ያደርጋል፣ እንጨት አይዋሽም» ብለሽ የጻፍሽውን ሳነብ ሳቄ መጣ። ትውልድ ሥልጣን በተረከበ ቁጥር ሞራ በሚባለው የመንደሩ አደባባይ ላይ ኦላሂታ የሚሉትን ረጅም የጽድ ግንድ መትከል የሚያኮራ ሥርዓት ነው። ታሪክ ግን ማን፣ መቼ፣ ለምን ይላል። ግንዱ የትኛውን መለሰ? ታሪክ ከጽሕፈት ይጀምራል፤ የሙያው ደንብ ነው፣ ስድብ አይደለም።

አስጎብኚዋ፦ መምህር፣ «መቼ»ን ይመልሳል እኮ! የሚተከለው በ18 ዓመት አንዴ ነው። ይቁጠሩና ያባዙ። ዩኔስኮ በ2003 ዓ.ም. ኮንሶን ሲመዘግብ 21 ትውልድ ያለው ከሜዳ አምጥቶ አይደለም። «ማን» ላሉት ዋካው፣ ከእንጨት የሚጠረበው የመቃብር ሐውልት፣ አለልዎ፦ ጀግናው መሐል፣ ሚስቶቹ ግራና ቀኝ፣ የገደለው ጠላትና አውሬ ከጎኑ።

የታሪክ መምህሩ፦ 21ን በ18 አባዛሁ፤ 378 መጣ። ያው ዩኔስኮ ግን «ከ400 ዓመት በላይ» ይላል። ቢያንስ 22 ዓመት ጎደለ። የማይዋሸው እንጨት የት ደበቀው? ወይስ ምስጥ በላው?

አስጎብኚዋ፦ ሃያ ሁለት ዓመት! ከአራት መቶው ውስጥ ያችን ለቅመው አወጧት። የእርስዎ ጽሕፈትስ ከ5,000 ዓመት በፊት በጥንቷ የሜሶጶጣሚያ ከተማ ኡሩክ ሲጀምር የማንን ገድል ጻፈ? የገብስና የቢራ ሒሳብ ነው የያዘው። የአክሱም ትልቁ ሐውልትም 33 ሜትር ሙሉ አንዲት ፊደል የለበትም። እሱንም ታሪክ የለሽ ይበሉት እንጂ!

የታሪክ መምህሩ፦ እሰይ፣ ራስሽ አነሳሽልኝ። የማን እንደሆነ በእርግጠኝነት የማናውቀው ለዚያ ነዋ! ኢዛና ግን በግእዝ፣ በሳባ ፊደልና በግሪክኛ አስቀረጸ፤ ይኸው ከ1,600 ዓመት በኋላም ቤጃ ላይ መዝመቱን እናውቃለን።

አስጎብኚዋ፦ የሚያውቁት እሱ ያለውን ነው። ከብታቸውን ነድቶ፣ እነሱንም ካገራቸው አንስቶ፣ «እህልና መጠጥ ሰጥቼ አሰፈርኳቸው» ይላል። ቤጃዎቹ ምን እንዳሉ ማን ጠየቀ?

የታሪክ መምህሩ፦ እኔም የምልሽ ይህንኑ ነው። ቢጽፉ ኖሮ እናውቅ ነበር።

አስጎብኚዋ፦ ጥፋቱ የተዘመተባቸው ሰዎች ሆነ በሉኛ! እኔ የተጋበዝኩት ስለ ኮንሶ ሽማግሌዎች ልጽፍ ነበር፤ ስለ ምስጥ ስመልስ ቀኑ አለቀ። በበኩሌ እዚህ ላይ ይበቃኛል።