ሰው አልባ መንኮራኩር ይበቃል? የባሕር ዳርና የደብረ ማርቆስ ክርክር

ይበቃል (ወጣት መሐንዲስ፣ ከባሕር ዳር)

ጋሼ፣ «ሰው ያልረገጠው ዓለም ተመረመረ አይባልም» ብለው ጽፈዋል። አልስማማም። ኔፕቲዩንን ማን ረገጠው? ቮዬጀር 2 የተባለችው ሰው አልባ መንኮራኩር ግን እ.ኤ.አ. በ1977 ተነሥታ በ1989 በአጠገቡ አለፈች። ከዚያ ወዲህ ማንም አልደረሰበትም። 12 ዓመት የሚፈጅ፣ መመለሻ የሌለው መንገድ ነው። ሰው ለዚህ ይላካል?

አካሄዷን ደግሞ ይዩት። ሮኬቱ ብቻውን እዚያ አያደርሳትም ነበር። ጁፒተርን ተጠግታ በስበቱ ፍጥነት ጨመረች። ጁፒተር ወደ ሳተርን፣ ሳተርን ወደ ዩራነስ፣ ዩራነስ ወደ ኔፕቲዩን አሻገሯት። እዚያ ርቀት ላይ የፀሐይ ብርሃን ስለሚደክም ኤሌክትሪክ የምታገኘው ፕሉቶኒየም ከተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ሙቀት ነው። ምግብ የለ፣ አየር የለ! ቬነስ ላይማ ሙቀቱ ከ450 ዲግሪ በላይ ነው። የሶቪየቷ ቬኔራ 13 ግን እ.ኤ.አ. በ1982 እዚያ አርፋ 127 ደቂቃ ሠርታለች።

አይበቃም (ጡረተኛ የፊዚክስ መምህር፣ ከደብረ ማርቆስ)

ልጄ፣ ኔፕቲዩንንና ቬነስን ለማሽን ትቼልሻለሁ። እኔ የምከራከረው ስለ ማርስ ነው። ኦፖርቹኒቲ የምትባለው ሮቨር (ሰው አልባ ተሽከርካሪ) ከ14 ዓመት በላይ ቆይታ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው የሄደችው። ከደብረ ማርቆስ ደጀን እንኳ አያደርስም! የአፖሎ 17 ጠፈርተኞች ጨረቃ ላይ በ3 ቀን 35 ኪሎ ሜትር ያህል ነድተዋል። ከመካከላቸው አንዱ፣ ጂኦሎጂስቱ ሃሪሰን ሽሚት፣ ብርቱካናማ አፈር አየና እዚያው ቆሞ ቆፈረ። የጥንት እሳተ ገሞራ የተፋው ደቃቅ ብርጭቆ ሆኖ ተገኘ። የማንንም ትእዛዝ አልጠበቀም። ወደ ማርስ የሚላክ መልእክት ግን ለመድረስ ብቻ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ይፈጅበታል።

ማርስ ላይ ያረፈችውን መንኮራኩር፣ ኢንሳይትንም አስቢያት። መቆፈሪያዋ 5 ሜትር ሊወርድ ታስቦ ነበር። አፈሩ ዙሪያውን ገጥሞ ስላልያዘው ባለበት ይነጥር ጀመር። መሐንዲሶቹ ሁለት ዓመት ገደማ ታግለው እ.ኤ.አ. በ2021 ተዉት። የጮቄ ገበሬ መሬቱ እምቢ ሲለው እርፉን ጫን ብሎ፣ ካልሆነም ቦታ ቀይሮ ያርሳል። እዚያ አንድ ሰው ቢኖር ያ ጉድጓድ ይቆፈር ነበር።

መልስ (ከባሕር ዳር)

ጋሼ፣ ኦፖርቹኒቲ የታቀደችው ለ90 ቀን ነበር። ከታሰበላት በላይ ስለሠራች ትወቀሳለች እንዴ? በፍጥነት ሰው እንደሚበልጥ ግን አልክድም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ማርስ ላይ የምንፈልገው የሕይወት ምልክት ነው። መንኮራኩር ከመላኳ በፊት ከተሕዋስያን ትጸዳለች። ሰውን እንዲያ ማጽዳት አይቻልም፤ ቆዳውም ሆዱም በተሕዋስያን የተሞላ ነው። ሰው ከረገጠ በኋላ አፈሩ ውስጥ ሕያው ነገር ቢገኝ፣ የማርስ ይሁን የኛ በምን እንለያለን? በሚቀጥለው ጽሑፍዎ ይህን ይመልሱልኝ።